የመኪና መድን፦ ውሉ ሳያልቅ መቀየር ያዋጣል?

ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ዋጋ ወጣ ብለን ጭነቱን ጅቡቲ ስለሚያወርደው መኪና መድን እናውራ።

ደላላ መጥቶ "እኛ ጋ ይቀንስላችኋል" ቢላችሁ ቶሎ አትፈርሙ። ሂሳቡን እንስራው።

ለዓመት 200,000 ብር ከፍላችኋል እንበል፤ 6 ወር ይቀራል። ብዙ ሰው "100,000 ይመለስልኛል" ይላል። አይመለስም! ውሉን የሚያቋርጠው ደንበኛው ከሆነ ተመላሹ የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ተመን ነው። ድርጅቱ 70 በመቶ ካስቀረ እጃችሁ የሚገባው 60,000 ነው። አዲሱ በዓመት 160,000 ቢጠይቅ በቀሪው 6 ወር የምታተርፉት 20,000 ብቻ። 40,000 ጥሎ 20,000 ማንሳት ምን ዓይነት ንግድ ነው? በዓመቱ ውስጥ ካሳ ከወሰዳችሁማ ጭራሽ ተመላሽ ላይኖር ይችላል።

በእኔ እምነት ልዩነቱ የአረቦን ብቻ ከሆነ ውሉ እስኪያልቅ ጠብቁ። ካሳ የሚያጓትት ድርጅት ከሆነ ግን ልቀቁት፤ በቅደም ተከተል፦

✅ መጀመሪያ አዲሱን ውል ያዙ፣ ከዚያ የድሮውን በጽሑፍ አቋርጡ
✅ መኪናው በብድር ከሆነ ባንኩ አስቀድሞ ይወቅ
✅ ጅቡቲ የሚወርድ ከሆነ ቢጫ ካርዱም አብሮ ይቀየር

በመሃል አንድ ቀን እንኳ ክፍተት እንዳይኖር። አደጋ ቀን አይመርጥም፤ ያለ ሶስተኛ ወገን መንዳት ደግሞ በሕግም ያስጠይቃል።