ፍሬ የሌለበት የፍሬ መጠጥ

ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ከሚገኘው ከዓለት ፍልፍሉ ከውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አንሥቶ እስከ ተከዜ ቆላ ድረስ በዋግ ምድር ባሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ ቅዳሴ ከመጀመሩ አስቀድሞ በቤተ ልሔም ውስጥ የሚፈጸም አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም የደረቀውን ዘቢብ ለቅሞ፣ በንጹሕ ውኃ አጥቦና ዘፍዝፎ፣ ፍሬው ውኃ ጠጥቶ በለሰለሰ ጊዜ በእጅ አሽቶና ጨምቆ፣ ልጣጩንና ዘሩን አጥልሎ፣ ለጽዋው የሚሆነውን ማዘጋጀት ነው። የምሥጢሩን ትርጓሜ ለሊቃውንቱ ትተን ግብሩን ብቻ የተመለከትን እንደሆነ፣ በአገራችን ከሚዘጋጁት የፍሬ መጠጦች መካከል እንደዚህ ያለ ጥንቁቅ ሥርዓት የተጠበቀለት ሌላ አላውቅም። የወይን ፍሬ ሲደርቅ ውኃው ይሄዳል፣ ስኳሩና አሲዱ ግን ይቀራል፤ ከመቶው እጅ ስድሳው ያህል ስኳር በሆነ ፍሬ ላይም ረቂቃን ሕዋሳት ሊራቡ ስለማይችሉ፣ ዘቢብ ወይን በማይለማበት ደጋ እንኳ ለብዙ ወራት ይቀመጣል። ውኃ ከነካው በኋላ ግን እርሾ ይነሣበታልና፣ ሳይብላላ ለመሥዋዕት መድረስ አለበት።

የወይኑ ፍሬ ሳይብላላ እንዴት ይቈያል የሚለውን ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ የፈታ አንድ ሰው በአሜሪካ ተነሥቶ ነበር። ቶማስ ዌልች የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1869 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ግዛት በቫይንላንድ ከተማ ሲኖር፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የአልኮል ኃይል የሌለበት ወይን ለማቅረብ ስለፈለገ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስተር ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የገለጠውን ጥበብ በመከተል፣ የወይኑን ጭማቂ በጠርሙስ ከደፈነ በኋላ በፍል ውኃ አሙቆ እርሾውን ገደለው። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው የታሸገ ጭማቂ ታሪኩ ሲቈጠር ብዙ ጊዜ ከዚህ ሰው ማእድ ቤት ይጀምራል። አንደኛው በማድረቅ፣ ሁለተኛው በእሳት፤ የሁለቱም አሳብ ግን ፍሬው ፍሬ ሆኖ እንዲቈይ ነበር።

ወደ ሰቆጣ ሱቆች መለስ ብለን ብርቱካንና ማንጎ ተሥሎበት በፕላስቲክ ጠርሙስና በትንንሽ ከረጢት የተደረደረውን መጠጥ ስናይ፣ ነገሩ ከዚያ አሳብ ምን ያህል እንደራቀ እንረዳለን። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከውኃ፣ ከስኳር፣ ከሲትሪክ አሲድ፣ ከሽታ ሰጪ ቅመምና ከቀለም ነው፤ ሲትሪክ አሲድ የሚባለውም ቢሆን ዛሬ ከሎሚ የሚጨመቅ ሳይሆን፣ በፋብሪካ ውስጥ ስኳር እየተመገበ ከሚያድግ ሻጋታ የሚገኝ ነው። መርዝ ነው አልልም፤ እንዲያውም አሲዱ መጠጡን ከብዙ ብልሽት ይጠብቀዋል። በመቶ ሚሊ ሊትር ዐሥር ግራም ስኳር የተጨመረበት መጠጥ በሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲሞላ ግን ሰባት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ይይዛል፤ ይህን ስኳር ብርቱካን መስሎት የሚገዛው ደግሞ ከገበያ ሲመለስ ለልጁ ደኅና ነገር ይዤ ገባሁ የሚል ገበሬ ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ ግን በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥርዓት፣ የብርቱካን ኔክታር ለመባል እንኳ ከመጠጡ እኩሌታው ጭማቂ ሊሆን እንደሚገባ ወስኗል።

የሚያሳዝነውስ ይህ ሁሉ የሚሸጠው ፍሬ በሚባክንበት አገር መሆኑ ነው። በክረምት የእህል ጎተራ በሚራቆትበት ወራት፣ በዋግና በአጎራባቹ በትግራይ ቁልቋሉ በለስ ያፈራል፤ ገበያው በአንድ ጊዜ በበለስ ይጥለቀለቅና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባዶ ይሆናል፤ ያልተበላውም በቅርጫት ውስጥ ይበሰብሳል። የበለስን ቀይና ብጫ መልክ የሚሰጠው ቤታላይን የተባለ፣ ከቀይ ሥር ጋር አንድ ወገን የሆነ ቀለም ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኮሽኒል የሚባል ተባይ ወደ ደቡብ ትግራይ የገባው፣ ከገላው ለምግብና ለመጠጥ የሚሆን ካርሚን የተባለ ቀይ ቀለም ስለሚወጣ ለንግድ ይጠቅማል ተብሎ ነበር፤ ተባዩ ግን ከታሰበለት ስፍራ አምልጦ የገበሬውን ቁልቋል አደረቀው። እንግዲህ ለመጠጥ ቀለም ሲባል የመጠጡ ፍሬ ጠፋ ማለት ነው፤ ለዚህ ምን አስተያየት ይሰጣል!

በለስን ወደ መጠጥ መለወጥ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ጣፋጭነቱ ብዙ ሲሆን አሲዱ እጅግ ጥቂት ነው። ፒ ኤች በተባለው የአሲድ መለኪያ ሎሚ በ2 እና በ3 መካከል ሲገኝ፣ በለስ ከ5 በላይ ነው፤ ከ4.6 በላይ በሆነና አየር በማያገኝ ዕሽግ ውስጥ ደግሞ የቦቱሊዝምን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የዚህን ባክቴሪያ ዘር ለማጥፋት ግን 121 ዲግሪ የሚያደርስ የእንፋሎት ግፊት ያስፈልጋል፤ በተራ ድስት የሚደረስበት ነገር አይደለም። መፍትሔው ሎሚ ነው። የሎሚ ጭማቂ እየተጨመረ በመለኪያ እስከ 4 ድረስ ከወረደ በኋላ፣ እርሾውንና ሻጋታውን ለመግደል ከመፍላት በታች ያለ ሙቀት ይበቃል፤ ቀለሙ በእሳት ላይ ሲቈይ ስለሚደበዝዝም አጭር ጊዜ ማሞቅ ይሻላል። ዘሩን ሳይሰብሩ በወንፊት ማጥለል፣ ጠርሙሱን በትኵሱ መሙላትና ወዲያው መድፈን፤ ለአንድ የሴቶች ማኅበር የማይቻል ሥራ አይደለም።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህችው ከተማ ስም ተጠርቷል። ይሁንና እነዚህን ሕፃናት ጭማቂ እናጠጣቸው ብዬ አልከራከርም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ ስኳር የተጨመረበት መጠጥ ፈጽሞ እንዳይሰጥ፣ ንጹሕ የፍሬ ጭማቂም ቢሆን እንዲወሰን መክሯል። ለሕፃን የሚሻለው ከነሥጋው የላመ ፍሬ ነው፤ በፍሬው ያለው ቫይታሚን ሲ በማሽላና በጤፍ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበል ይረዳልና።

እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። በመጠጡ ውስጥ ከመቶው እጅ ስንቱ ፍሬ እንደሆነና በጠርሙሱ ስንት ማንኪያ ስኳር እንዳለ፣ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ሥዕሉ ባለበት ፊት ላይ፣ በአማርኛ፣ በዋግ ደግሞ በኽምጣና ጭምር ይጻፍ፤ ፍሬ ያልገባበትም የፍሬ ሥዕል አይለጠፍበት። ይህን ለመቈጣጠር ውድ ቤተ ሙከራ እስኪሠራ መጠበቅ አያሻም፤ ፋብሪካው በዓመቱ ስንት ሊትር ጭማቂ ገዝቶ ስንት ጠርሙስ እንደሞላ ከራሱ የሒሳብ መዝገብ ይታያል።