ይሉኝታና ፎቶግራፍ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስድስት ሰባት ሆነን በአንዲት ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። ከመካከላችን ሁለቱ መምህራን፣ ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ የቀሩት ተማሪዎች ናቸው። የሚያገናኘን ዕድር አይደለም፤ ዕቁብም አይደለም፤ ፎቶግራፍ ማንሣት መውደዳችን ነው። ካሜራ ያለን ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሌሎቹ የሚያነሡት በእጅ ስልካቸው ነው። በሳምንቱ ያነሣነውን ይዘን እንመጣለን፤ ሻይ ይቀዳል፤ ፎቶግራፉም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ካለፈው ጥር ወዲህ ግን በማኅበራችን አንድ ቃል ተከልክሏል። የተከለከለውም «ግሩም ነው!» የሚለው ቃል ነው።

መልካም ቃል ስለ ምን ይከለከላል ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ እጅግ ደግ ወዳጃችን ነው። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልፈቀደም። ይህ ወዳጃችን ሰማይና ደመና ይወዳል። ሰውን ባነሣ ቁጥር ከሰውየው ጀርባ ፀሐይ ወይም መስኮት ወይም ሰፊ ሰማይ ይኖራል። ሰማዩ ያምራል፤ ደመናው ያምራል፤ ሰዎቹ ግን ጥላ ይመስላሉ። አፍንጫ ከዓይን አይለይም። ይህን ጉድለት ሁላችንም አየን፤ ሁላችንም ዝም አልን። እንዲያውም ዝም ብንል በተሻለ ነበር። እኛ ግን «ግሩም ነው! እንዴት ያለ ዓይን አለህ!» አልነው። እርሱም ባለፈው ሳምንት የእኔን ፎቶግራፍ ግሩም ብሎልኝ ነበርና ብድር በምድር ሆነ።

በጥር ወር የአክስቱ ልጅ አገባች። ቤተ ዘመዱ ለድግሱ የሚበቃ ገንዘብ ሲቸግረው ወዳጃችን «ለፎቶግራፍ አንሺ የምታወጡትን ለሌላ አድርጉት፤ እኔ አለሁላችሁ» አለ። እንዲህ ለማለት ያደፈረው ማን ነው? እኛ ነን። ሠርጉ የሆነው በቀትር ነበር። ሙሽሮቹን በረንዳ ላይ ጀርባቸውን ለሰማይ ሰጥቶ አቆማቸው። ወደ አዳራሹ ሲገቡም ከትልቁ መስኮት ፊት አቆማቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አልበሙ ታትሞ ሲመጣ አክስቱ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ ገለጡት። ከጨረሱም በኋላ ቀና ብለው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ሰማዩስ ያምራል። የልጄ ፊት የታለ?»

ሠርግ እንደ ፈተና አይደገምም። ወዳጃችን በሚቀጥለው ቅዳሜ አልበሙን ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አልተቈጣም። «ይህን ጉድለቴን ታውቁት ነበር ወይ?» ብቻ አለን። የሚመልስ ሰው አልተገኘም። ያን ዕለት ሻዩ ቀዘቀዘ።

ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው። ታላቅን ያስከብራል፤ ክፉ ቃልን ከአፍ ይመልሳል። ነገር ግን ለመማር የመጣን ሰው በይሉኝታ ማመስገን በእውር ፊት ጉድጓዱን ደልዳላ ነው እንደ ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነሆ ያ አልበም የእኛን ዝምታ ይዞ ይኖራል።

እንግዲያውስ በጊዜው ልንነግረው ይገባን የነበረውን ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከመካከላችሁ የእኅቱን ሠርግ ሊያነሣ የተሰናዳ ይኖራልና።

ካሜራ ሰው አያውቅም። ብርሃን የሚለካው መሣሪያው ፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ የሚያምን ገራገር ነው። የፎቶግራፍ ሰዎች ለመለኪያ የሚጠቀሙበት ግራጫ ካርድ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ነጭ ነጠላ ግን የሚመልሰው አብዛኛውን ነው፤ የቀትር ሰማይማ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ካሜራው ሰፊ ሰማይ ወይም ነጭ ቀሚስ ባየ ጊዜ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ሰማዩ ይስተካከላል፤ በጥላ ውስጥ ያለው ፊት ግን ይጠፋል። የዛሬዎቹ ስልኮች ፊትን ለይተው ሊያስተካክሉ ይሞክራሉ፤ ይሁን እንጂ ከጀርባ የሚመጣው ብርሃን ሲበረታ ሁልጊዜ አይሳካላቸውም።

ለእኛ ለጥቁር ሰዎች ነገሩ የባሰ እንዲሆን ያደረገ ታሪክም አለ። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቀለም ፎቶግራፍ ለሚያጥቡና ለሚያትሙ ቤቶች የመለኪያ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያዪቱ ሸርሊ ትባል ስለ ነበር ካርዱም «የሸርሊ ካርድ» ተባለ። የእርሷ መልክ ካማረ ሥራው ተቃና ይባል ነበር። ጥቁርና ነጭ ሰው አብረው ሲነሡ የጥቁሩ መልክ ቢጠፋ ግድ የሚለው ጥቂት ነበር። ኩባንያው ልዩ ልዩ መልክ ያላቸውን ሴቶች አንድ ላይ የያዘ ካርድ ያወጣው በ1990ዎቹ ነው። ከዚህ የምንማረው መሣሪያው የነገረንን ሁሉ እንደ ፍርድ አድርገን መቀበል እንደሌለብን ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የለበትም። አንደኛ፣ ሰውየውን አዙሩት፤ ብርሃኑ ከጀርባው ሳይሆን ከፊቱ ወይም ከጎኑ ይምጣለት። ሁለተኛ፣ በስልክ የምታነሡ እንደ ሆነ መስታወቱ ላይ የሰውየውን ፊት በጣት ንኩት፤ ከዚያም ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። በካሜራ የምታነሡ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጉ፤ ወደ መደመር አንድ ብትሉ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን አታብዙት፤ ቢበዛ የነጠላው ጥለትና እጥፋት ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ጥለት ደግሞ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ከሰውየው ፊት ለፊት አንድ ልጅ አቁማችሁ ነጭ ጋቢ ወይም አንሶላ በሁለት እጁ ዘርግቶ እንዲይዝ አድርጉ። ብርሃኑ ከጋቢው ነጥሮ ፊቱን ያበራዋል። በውጭ አገር በገንዘብ የሚሸጠው አንጸባራቂ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

ሰዓቱንም ምረጡ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ ሲገባና ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በቀሩትም ወራት ብዙ አትርቅም። የቀትር ፀሐይ ከላይ ወደ ታች ስለምትወርድ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፤ አፍንጫም ጥላውን በከንፈር ላይ ይጥላል። ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ከ10 ሰዓት እስከ ጀምበር ግባት ያለው ብርሃን ለፊት ይስማማል። ሙሽሮች በቀትር ከመጡባችሁ ከዛፍ ጥላ ወይም ከበረንዳው ሥር አቁሟቸው፤ ፊታቸው ግን ወደ ውጭው ብርሃን ይመልከት።

አሁን ወደ ሌላው ጥፋት ልመለስ፤ ይኸኛው የእኔ የራሴ ነው። «ግሩም» ከተከለከለ በኋላ እኔ እንደ አዲስ ዳኛ ሆንኩ። ሦስት ቅዳሜ ያህል የመጣውን ሁሉ ገሠጽሁ። አንዲት ተማሪ የአያቷን ፎቶግራፍ አሳየችን። ክፍሉ ጨለማ ነው። እኔም ገና በቅጡ ሳላየው በሰው ሁሉ ፊት «ይህ ጨለማ ነው፤ እንደገና አንሺው» አልኋት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጣችም፤ በሌላውም አልመጣችም።

በትምህርት ቤቱ ግቢ አግኝቻት ምክንያቱን ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ «ቲቸር፣ አያቴን ዓይናቸውን ያማቸዋል፤ ብርሃን አይችሉም። የሚውሉት እዚያ ጥግ ነው። ጥጥ የሚፈትሉትም በዳሰሳ ነው። ጨለማውን የተውኩት ዐውቄ ነው» አለችኝ።

ፎቶግራፉን እንድታሳየኝ ለመንኋት። በእርግጥም ከበሩ ስንጥቅ የገባች ቀጭን ብርሃን ያረፈችው በሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በአሮጊቲቱ እጅና በእንዝርቱ ላይ። የቀረው ሁሉ እርሳቸው የሚኖሩበት ጨለማ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም በእውነት የሚታየኝን አንድ ነገር ነገርኋት፤ በግራ በኩል ጥግ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን ብርሃን ነክቶት ዓይንን ከእንዝርቱ ላይ ይሰርቃል። እርሷም ትንሽ ዝም ብላ አየችውና «እውነትዎን ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብሄድ ኖሮ በሩ ይሸፍነው ነበር» አለች። መፍትሔውን ያገኘችው እርሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። በተከታዩ ቅዳሜም መጣች።

ከነዚህ ከሁለቱ ጥፋቶች በኋላ ሦስት ሕግ አወጣን። መጀመሪያ፣ ፎቶግራፉን ያየ ሰው ከመፍረዱ በፊት ዓይኑ መጀመሪያ የት እንዳረፈ ይናገራል። «ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ አረፈ» ማለት ስድብ አይደለም፤ ወሬ ነው። ሁለተኛ፣ «ምን ልታሳየን ፈልገህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ አንድ ጉድለት ከነመድኃኒቱ ይናገራል። አሥር ጉድለት የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም። ምስጋናም ቢሆን ከነምክንያቱ ይፈቀዳል፤ «የእጃቸው ብርሃን መልካም ነው፤ ከጎን ስለ መጣ የቆዳቸውን መስመር አውጥቶታል» ያለ ሰው አመሰገነም አስተማረም።

አስተያየት የሚቀበለውም ሕግ አለበት። አርባ ፎቶግራፍ ይዞ አይመጣም፤ ራሱ መርጦ አንድ ወይም ሁለት ያመጣል። «ስልኬ ርካሽ ስለ ሆነ ነው» አይልም፤ ሌሎቹም «ሌላ ካሜራ ግዛ» ብለው አይመክሩትም፤ ምክሩ ለኪሱ ሳይሆን ለዓይኑ ነውና። የማናውቀውን ሰው አንሥቶ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ «አስፈቅደኸዋል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። በተለይ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጠ ነዳይ ለፎቶግራፍ ማሞቂያ የተቀመጠ አይደለም።

ይህን የመሰለ መተራረም በእኛ የተጀመረ አይደለም። በለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አገር በልዩ ልዩ ከተማ የሚኖሩ ፎቶግራፍ ወዳጆች ሥራቸውን በአንድ ጥቅል አድርገው በፖስታ የሚያዘዋውሩባቸው ማኅበሮች ተነሡ። ጥቅሉ የደረሰው ሰው የእያንዳንዱን ፎቶግራፍ ተመልክቶ አስተያየቱን በጽሑፍ ያሰፍርና ለሚቀጥለው ይልካል። ጥቅሉ ዞሮ ሲመለስ ባለቤቱ የጓደኞቹን ፍርድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነባል። በእኛም አገር ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 በመሠረተችው በአዲስ ፎቶ ፌስት ከኤግዚቢሽኑ ጎን ወጣቶች ሥራቸውን ለባለሙያ አቅርበው የሚያስገመግሙበት መርሐ ግብር ነበር። ባለሙያው ቢርቅባችሁ ግን አትስነፉ፤ አንድ እውነተኛ ጓደኛ ያለው ሰው ከትምህርቱ ግማሹን አግኝቷል።

ያ ወዳጃችን ፎቶግራፍ ማንሣቱን አልተወም። ባለፈው ቅዳሜ አክስቱን በጧት ፀሐይ በቤታቸው ደጃፍ ላይ አንሥቶ አመጣ። ነጠላው ከነጥለቱ ይታያል፤ ፊታቸውም ከነሽብሽቡ ይታያል። ከጎናቸው ልጃቸው ተቀምጣለች፤ የሠርጓን ቀሚስ አልለበሰችም፤ ያ ቀን አልፏል። ሁላችንም በየተራ ዓይናችን የት እንዳረፈ ተናገርን፤ የሁላችንም ዓይን በፊታቸው ላይ ነበር። ከዚያም አንዱ ተማሪ የልጅቱ እግር ከጫፉ መቈረጡን ነገረው። ወዳጃችን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ውድ አንባቢ፣ በስልክህ ውስጥ ካከማቸሃቸው ፎቶግራፎች አንዲቱን መርጠህ ዛሬ ለአንድ ጓደኛህ አሳየው። «ታምራለች ወይ?» ብለህ ግን አትጠይቀው፤ «ምን ይጐድላታል?» ብለህ ጠይቀው። እርሱም በይሉኝታ «ግሩም ናት» ቢልህ የወዳጃችንን አክስት ጥያቄ አስታውሰው።