ዶሮዎቹን ተዉልን፤ አውራውን ውሰዱት

ሰሞኑን በሰፈራችን መግቢያ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማኅተም አለው፤ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል። «ከዛሬ ጀምሮ በግቢ ውስጥ ዶሮ ማርባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ምክንያቱስ? «የመንደሩን ገጽታ ስለሚያበላሽ»። ሽታ አላለም። በሽታ አላለም። ጩኸትም አላለም። ገጽታ! እኛን ያናደደችን ይህቺ ቃል ናት።

በመጀመሪያ እንተማመን። ዶሮ ያለው ሁሉ ጨዋ ነው አንልም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩን የሚያናውጥ አውራ ዶሮ ያለው ጎረቤት አለን። ኩሱን ለወራት የሚከምር አለ። የሞተችበትን ዶሮ ቱቦ ውስጥ ወርውሮ የሚገባም አለ። እነዚህን እኛም በልባችን ረግመናቸዋል። ግን የአንድ ሰው ጥፋት በደንብ ይታረማል እንጂ ሰፈር ሙሉ አይቀጣበትም።

ከጩኸቱ እንጀምር። ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ማስፈልፈል ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ይህን ብዙ የከተማ ልጅ አያውቅም፤ እኛም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ አውራውን ከልክሉ፤ አብረን እንፈርማለን። ሴቷ ግን እንቁላል ስትጥል ጥቂት ደቂቃ አሽካክታ ዝም ትላለች፤ ያውም በቀን። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ለሚያድሩት የየግቢው ውሾችስ ማስታወቂያው የታል?

ወደ ሽታው እንለፍ። የሚሸተው እርጥብ ኩስ ነው። ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ከተነጠፈና በየጊዜው ከተቀየረ፣ አምስት ዶሮ ከአንድ ያልተከደነ የቆሻሻ ገንዳ ያነሰ ነው የምትሸተው። የተጠረገውም ተብላልቶ ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል።

በሽታስ? ይህ ትልቁ ነጥብ ነውና አንሸሸውም። ፈንግል አንድ ግቢ ከገባ የጎረቤትን ዶሮ ሁሉ ይፈጃል። ግን ክትባት አለው፤ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ ለአምስት ዶሮ ብቻ ከፍቶ የቀረውን መድፋት ኪስ ይጎዳል። መፍትሔው ታዲያ ምንድን ነው? እንደ ዕቁብ ተሰባስቦ፣ ቀን ቆርጦ፣ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ በአንድ ቀን ማስከተብ! እገዳው የሚያመጣው ግን ተቃራኒውን ነው። ሰው ዶሮውን መታጠቢያ ቤት ውስጥ መደበቅ ይጀምራል። የተደበቀችውን ዶሮ ማን ይከትባታል? ስትታመምስ ማን ይናገራል?

እንግዲህ ሦስቱም ምክንያቶች መፍትሔ አላቸው። የቀረው «ገጽታ» ነው። እውነቱን እንነጋገር፤ ዶሮ የምታሳፍረን ከየት እንደመጣን ስለምታስታውሰን ነው። ግቢውን ሴራሚክ አልብሰን፣ ጓሮውን ሲሚንቶ ደፍነን፣ ዶሮዋንም ስናባርር ከተሜ የሆንን ይመስለናል። ከተሜነት ይህ ከሆነ ኒውዮርክ ምን ልትባል ነው? የዚያች ከተማ የጤና ደንብ ሴት ዶሮ በግቢ ማርባትን ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው አውራውን ነው። እኛ ከኒውዮርክ በልጠን ነው?

ደግሞ የሚገርመው የፋሲካ ዋዜማ ነው። ያን ጊዜ ገጽታ የሚባል ነገር የለም። ዶሮ ይጠላሉ የተባሉት ጎረቤቶቻችን ሁሉ በረንዳቸው ላይ አውራ ዶሮ አስረው ያሳድራሉ፤ በማግስቱም ላባው እስከ አስፋልቱ ይበተናል። ዶሮ በወጥ መልክ ስትመጣ ባህል፣ በእግሯ ስትሄድ ኋላቀርነት!

በላዩ ላይ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» የከተማው ሰው ሳይቀር እንቁላል እንዲያመርት ሲቀሰቅስ ሰምተናል። ከላይ «አርቡ» እንባላለን፤ ከታች «አስወጡ» እንባላለን። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ማለት ይሄኔ ነው።

ዳፋው ደግሞ በሁላችንም ላይ እኩል አይወድቅም። ባለ ቪላው እንቁላሉን ከሱፐርማርኬት ይገዛል። ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ልጇን የምታሳድገው ጎረቤታችን ግን ሦስት ዶሮዎች ነበሯት። ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ እየሰጠች ለልጇ በየቀኑ አንድ እንቁላል አታጣም ነበር። ማስታወቂያው በወጣ በማግስቱ፣ አከራዮቿ እንዳያስወጧት ፈርታ፣ ሦስቱንም ሸጠቻቸው። አሁን ልጇ እንቁላል የሚያየው ደመወዝ ሲወጣ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር ውስጥ ከልጅ አፍ እንቁላል የሚነጥቅ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ እሱ ነው ገጽታ የሚያበላሸው።

ስለዚህ ለሰፈራችን ኮሚቴ የምናቀርበው ይህን ነው። ለአንድ ቤት ቢበዛ አምስት ሴት ዶሮ ይፈቀድ። አውራ ይከልከል። የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት አጥር ይራቅ፤ ወለሉም ደረቅ ይሁን። ክትባት በጋራ ይሰጥ። ኮሚቴው በፈለገ ጊዜ ገብቶ ይይ፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣ። ከእኛ መሃል የጣሰ ቢገኝ ቅጣቱ ከእኛ ይጀምር።

በሚቀጥለው የሰፈር ስብሰባ እጃችንን አውጥተን ይህንኑ እንናገራለን። ዶሮ ያላችሁም የሌላችሁም፣ እባካችሁ ኑ። ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ማስታወቂያ ሥር ማጉረምረም ይብቃን።