ወረቀቱ «ታይፎይድ» ይላል፤ ወጥ ቤቱን ማን ጠየቀው?

እሑድ ዕለት ሁለት መቶ ሰው ሠርግ በላ እንበል። ሰኞ ማታ ሃያው ሆዱን ይዞ አደረ። ማክሰኞ ትኩሳቱና ተቅማጡ ሲበረታ ሃያውም በየሰፈሩ ወዳለው ክሊኒክ ሄደ። ደም ሰጠ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ወረቀት ተቀበለ፦ «ታይፎይድ፣ 1 ለ 160»። ሲፕሮ ታዘዘለት፤ ከፍሎ ወጣ። ሃያ ሰው፣ ሃያ ወረቀት፣ ሃያ ከረጢት መድኃኒት። «የት በላህ? ከማን ጋር በላህ?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም የለም።

ሠርጉ ምሳሌ ነው፤ መንገዱን ግን በኢትዮጵያ ከተሞች የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሳልሞኔላ የአንድ ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ነው። አንደኛው አባል ታይፎይድን ያመጣል፤ መኖሪያው ሰው ብቻ ነው፤ የሚተላለፈውም በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ሌሎቹ በዶሮ፣ በከብትና በእንቁላል በኩል መጥተው ምግብ ይመርዛሉ። እነዚህኞቹ በተበሉ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ሰውን ይጥላሉ። ታይፎይድ ግን እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። የእሑድ ምግብ ማክሰኞ ታይፎይድ አይሆንም። ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፤ የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

ታዲያ ወረቀቱ ከየት መጣ? ዊዳል የሚባለው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 የተዋወቀ ነው። ባክቴሪያውን ራሱን አያይም፤ የሚያየው ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ከዓመታት በፊት ከነበረ ሕመም ሊቀር ይችላል፤ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ ወይም ወባም ውጤቱን «ፖዘቲቭ» ሊያደርገው ይችላል። በአንድ ጊዜ ደም ብቻ የዛሬውን ሕመም መፍረድ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ባክቴሪያውን አሳድጎ ማንነቱን የሚለየው ካልቸር ነው።

ታይፎይድ የለም ማለት አይደለም። አለ፣ ይገድላልም። ነገሩ የሚከፋውም በዚህ ምክንያት ነው። በሳልሞኔላ ተቅማጥ የተያዘ ጤነኛ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ በኦአርኤስና በፈሳሽ ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይድናል። ለብርቱ ሕመምተኛ፣ ለጨቅላ ሕፃን፣ ለአዛውንትና አቅሙ ለደከመ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። ለሁሉም በደፈናው የሚታደል አንቲባዮቲክ ግን ባክቴሪያውን መድኃኒት ያስለምደዋል፤ እውነተኛው ታይፎይድ በመጣ ዕለት ሲፕሮው ውኃ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን ወጥ ቤቱ ማምለጡ ነው። ሃያው ሕመምተኛ በሃያ ወረቀት ሲበተን አንድ ወረርሽኝ የነበረው ነገር ሃያ የግል ዕድለ ቢስነት ይሆናል። ያልታጠበው የሥጋ ቤት ቢላዋ፣ ሲያድር የቀዘቀዘው ወጥ፣ ሳሙና የሌለው የሠራተኞች መጸዳጃ በቀጣዩ ቅዳሜ ሌላ ሠርግ ያስተናግዳል።

ሲጠየቅ ምን እንደሚመስል አሜሪካ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በተለያዩ ግዛቶች የተበተኑ ሕመምተኞች ታዩ። ላቦራቶሪዎች ከሕመምተኞቹ ሰገራ ያገኙትን ሳልሞኔላ የዘር አሻራ አነጻጸሩና አንድ ሆኖ አገኙት። ዱካው ፒነት ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ ከተባለ የለውዝ ፋብሪካ አደረሳቸው። በ46 ግዛቶች 714 ሰዎች እንደታመሙ ተመዘገበ፤ ዘጠኝ ሰዎችም ሞቱ። የተበከለ ምርት እያወቀ ሲልክ የነበረው ባለቤት ስቱዋርት ፓርኔል በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያ ሰው የተያዘው አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሕመምተኞቹ ተቆጥረው ስለተገናኙ ነው። ያ ሁሉ ሰው በየፊናው «ታይፎይድ» ተብሎ ቢሸኝ ኖሮ ፋብሪካው ዛሬም ለውዝ ይቆላ ነበር።

«ድሃ አገር ነን፤ ካልቸር ውድ ነው፣ ቀናትም ይወስዳል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነትነት አለው፤ ግማሽ እውነት ነው። ለማይረባው ምርመራና ለማያስፈልገው መድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ከዚያው ከድሃው ኪስ ነው የሚወጣው። ካልቸር በየክሊኒኩ ይኑር ያለም የለም፤ አንድ ዓይነት ሕመም ሲበዛ ከጥቂቶቹ ናሙና ወስዶ ወደሚችል ላቦራቶሪ መላክ ይበቃል። «ምን በላህ? የት? አብሮህ የታመመ አለ?» ማለትና መልሱን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መደወል ደግሞ ከስልክ ሒሳብ በቀር የሚያስወጣው የለም።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ተቆጣጣሪም አለ። የጎደለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ያልተጠየቀ ወጥ ቤት ደግሞ በራሱ ፈቃድ እጁን አይታጠብም።

ሕመምተኛውም ድርሻ አለው። «ስም ስጡኝ፣ መርፌ ስጡኝ» ማለቱን ትቶ ወረቀቱን ሲቀበል «ይህ የዛሬው ሕመሜ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። አጥጋቢ መልስ የሌለው ክሊኒክ ሕመምተኛውን አላከመውም፤ ምግቡን የሸጠለትን ሰው ነው የሸፈነው።