ድንጋይ ብለን የናቅነው

ልጃችሁን ስትቆጡ «ድንጋይ ራስ!» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ድንጋይን ለማመስገን ነው። መሳቅ መብታችሁ ነው፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ አንብቡልኝ።

በምንኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ የድንጋይና የማዕድን አፍቃሪዎች ማኅበራት አሉ። ባለፈው ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ወረቀት ከአንዱ ማኅበር ዓመታዊ ትርዒት ወሰደን። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት በጉትጎታ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነጣ ያለ፣ ውስጡ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ለልጄ አሳዩአትና ውሃ በሞላው ብርጭቆ ውስጥ ጨመሩት። አዳራሹን ዞረን ስንመለስ ድንጋዩ እንደ መስተዋት ጠርቷል። «ይህ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። የመጣውም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ነው» አሏት። ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ አንተ የወሎ ሰው አይደለህም እንዴ? ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። ምን ልበላት? አላውቅም ነበር። «ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ» እያልን ስንተርት ኖረን፣ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ በአገራችን መኖሩን ባዕድ ነገረን።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። የሰሜን ሸዋው የመዘዞ ኦፓል በውጭ ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ደግሞ በ2008 ነው። የደላንታ ወጣት በገደል ወገብ ላይ ዋሻ እየማሰ ያወጣዋል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ውስጥ መታፈናቸውን በዜና ሰምተን አዝነናል። እነሱ ሕይወታቸውን የሚሰጡለትን ድንጋይ እኛ እዚህ ተቀምጠን ስሙን እንኳ አናውቀውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

እስቲ እነዚህ ማኅበራት የሚሠሩትን ተመልከቱ። በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው ያገኘውን ያሳያል። ድንጋይ መቁረጥና ማለስለስ ለሚፈልግ ያሠለጥናሉ። ልጆችን ይዘው መስክ ይወጣሉ፤ የባለ መሬቱን ፈቃድ ሳያገኙ ግን ጠጠር አያነሡም። በሜሪላንድ፣ በካልቨርት ገደሎች ሥር ካለው አሸዋ ልጆች 10 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ የሻርክ ጥርስ ይለቅማሉ። ለእያንዳንዱ ድንጋይ የተገኘበት ቦታ በጥንቃቄ ይጻፍለታል። በ1947 የተቋቋመው የአሜሪካ የማዕድን ማኅበራት ፌዴሬሽን በሥሩ ሰባት የየአካባቢው ፌዴሬሽኖች አሉት፤ ለልጆችም ትምህርት አዘጋጅቶ፣ ላጠናቀቁ ባጅ ይሰጣል። ይህን ሁሉ የሚደክሙበት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው።

የእኛስ ማኅበራት? በሊቀ መንበርነት ሽኩቻ ስንቱን ለሁለት ከፈልነው? ለልጆቻችንስ ምን አዘጋጀንላቸው? በዓመት አንድ ቀን እስክስታ! እስክስታ አልጠላም፤ ነገር ግን ልጅ አገሩን በጭፈራና በዶሮ ወጥ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። አገር ማለት መሬትም ነው። መሬቱ ከምን እንደተሠራ፣ ምን እንደያዘ፣ ማን እንደሚቆፍረውና ማን እንደሚከብርበት ማወቅ አለበት።

«ሁለት ሥራ እየሠራሁ ለድንጋይ ጊዜ የለኝም» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን በወር አንድ ምሽት ነው የጠየቅኳችሁ፤ ለአገር ቤት ፖለቲካ ክርክር በየሳምንቱ ስንት ሰዓት እንደምናቃጥል እናውቀዋለን። «የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚልም አለ። እንዴት ተብሎ? በመልካ ቁንጥሬ ከሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት እየተጠረበ መሣሪያ ይሠራበት ነበር፤ ቦታው በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ላሊበላን የፈለፈሉትስ የድንጋዩን ጠባይ ሳያውቁ ነው? እውቀቱ የፈረንጅ ሆኖ ሳይሆን፣ እኛ ትተነው ነው። «ልጄ ሐኪም እንጂ ቆፋሪ እንዲሆን አልፈልግም» ለሚለኝም መልስ አለኝ፦ ያ ዋሻ በደላንታ ልጆች ላይ እንዳይደረመስ የሚያደርገው ሐኪም አይደለም። መሬት የተማረ ሰው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ወር በአቅራቢያችሁ ካለው የድንጋይ ማኅበር ስብሰባ ልጆቻችሁን ውሰዱ። ሁለተኛ፣ በዋሽንግተን የምንኖር አንድ እሑድ ወደ ስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የማዕድን አዳራሽ እንሂድ፤ መግቢያው በነጻ ነው። ሦስተኛ፣ ልጆች አማርኛ የሚማሩባቸው የቅዳሜ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ወሎ ኦፓል፣ ስለ አዶላ ወርቅና ስለ ባልጩት አንድ ትምህርት ይጨምሩ። እዚያ ማኅበር ውስጥ እኛም የምንሰጠው አለን፤ ስለ ደላንታ ሰውና ኑሮ የሚነግራቸው የአገሩ ሰው ነው።

ልጄ በዘንድሮው ትርዒት ከእኒያ ሽማግሌ ጎን ቆማ ስለ ወሎ ኦፓል ለማስረዳት ተመዝግባለች። እኔም ከአጠገቧ እቆማለሁ። እናንተስ?