የጀናዛ መልእክት በቴሌግራም ብቻ አይላክ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች!

ባለፈው ሰሞን ደሴ ላይ አንድ አባት ከሱብሒ በኋላ አረፉ። እኛ የመስጂዱ ልጆችም እንደ ልማዳችን የጀናዛውን ሰዓት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍንና «ሁሉም አይቶታል» ብለን ተቀመጥን። ኮምቦልቻ ያሉት ታናሽ ወንድማቸው ግን የያዙት ባለ በተን ስልክ ነው። ወሬውን ከጎረቤት ሰምተው፣ ሐረጎን ወጥተው ሲደርሱ ቀብሩ አልቆ ሰው ተበትኗል። ምንም አላሉንም። እኛን የከበደንም ዝምታቸው ነው።

ቴሌግራም ለቴሌግራም፣ ዋትስአፕ ለዋትስአፕ፣ ኢሞም ለኢሞ ብቻ ነው የሚያወራው። አረብ አገር ያለች እህታችን ኢሞ ላይ ናት፣ ልጁ ቴሌግራም ላይ፣ አባት የትም የሉም። የአይፎኑ አይሜሴጅ ደግሞ ከአፕል ዕቃ ውጭ አይሠራም፤ አፕል አርሲኤስ የሚባለውን የጋራ መንገድ የተቀበለው በ2024 እ.ኤ.አ. ከአይኦኤስ 18 ጋር ነው፤ እሱም ቢሆን ባለ በተኑን ስልክ አይደርስም። አውሮፓውያን ዋትስአፕን የመሰሉ ትልልቆች ለሌሎች በር እንዲከፍቱ በሕግ አስገድደዋል። እኛ እስኪደርሰን ድረስ ጀናዛ አይጠብቅም።

ከሁሉም ስልክ ጋር የሚግባባው ያ የናቅነው የጽሑፍ መልእክት ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ አይተነዋል፤ አፑ ሁሉ ሲሞት ኤስኤምኤስ ይሄድ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግን ረሳነው።

«አማርኛ ሂሳብ ይበላል» የሚል ክርክር እንሰማለን። ግማሽ እውነት አለው። አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ፣ አንዲት የግእዝ ፊደል ከገባችበት ግን 70 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ብዙዎቻችን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፋለን፤ «ቀ» እና «ከ» አንድ ይሆኑና «ቀብር» የተባለውን ሰው «ክብር» ብሎ ያነበዋል። ለሐዘን ወሬ ይህ አያምርም። ደግሞም የኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ባንዴ ስለሚይዝ 70ው የሚመስለውን ያህል ጠባብ አይደለም። እስኪ ቁጠሩ፦ «ሸይኽ እገሌ ወደ አኼራ ሄደዋል። ጀናዛ ዛሬ ከዙህር በኋላ ደሴ።» ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ሳይቀር 40 ነው። ከላይ የጻፍነው ሙሉ ሰላምታ ከፊቱ ቢጨመር እንኳ 66 ቢሆን ነው፤ በአንድ መልእክት ያልቃል። (ሁለት ገጽ ዱዓ ጨምሮ የሚልክ ወንድማችን ግን ሂሳቡን ራሱ ይቻል።)

አንዳንድ አሮጌ ስልክ የግእዝ ፊደል ስለሌለው ባዶ ሳጥን ያሳያል። እንዲህ ላሉት መደወል ነው፤ የአንድ ደቂቃ ሂሳብ ለወንድም ቀብር አይበዛም።

ቴሌግራሙን ዝጉ አላልንም፤ ደርሱም የመዋጮ ሪፖርቱም እዚያው ይቀጥል። ነገር ግን የሰው ሐቅ ያለበት ወሬ፣ ማለትም ጀናዛ፣ የታመመ ሰው፣ የጠፋ ልጅ፣ ባለ በተን ስልክ ከያዙት ሰዎች ይጀመር። በየመስጂዱ ያላችሁ ወጣቶች ደብተር ያዙና ከጁምዓ በኋላ በር ላይ ቁሙ፤ አባቶችንና እናቶችን ስልክ ቁጥራቸውን፣ ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ ማን ዘመድ እንዳላቸው ጠይቁ። እኛ ባለፈው ጁምዓ ጀምረናል፤ ከጠየቅናቸው አባቶች ብዙዎቹ ቁጥራቸውን በቃል አያውቁትም፣ ስልኩን አውጥተው «አንተው እየው ልጄ» ነው የሚሉት።