ስለ አካባቢ ጤና ተማሪዎችና ስለ ፎገራ ሜዳ

ሐኪም በሽተኛን አድኖ ወደ ቤቱ ሲሰድደው ቤተ ሰቡ እልል ይላል፤ የሐኪሙም ስም በአገሩ ይነሣል። የውኃውን ጕድጓድ አስከድኖ፥ የመጸዳጃውን ስፍራ አስለይቶ፥ ረግረጉን አስደርቆ ሕዝቡ ሳይታመም እንዲከርም ያደረገው ሰው ግን የሚያመሰግነው አያገኝም፤ ያልታመመ ሰው ማን እንደ ጠበቀው አያውቅምና። የአካባቢ ጤና ትምህርት የሚባለው ይህ ምስጋና የሌለበት ሥራ ነው። ይህን ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ምን እንደሚገጥማቸው፥ ከተመረቁም በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ መመርመር የሚገባ ሆኖ ሳለ፥ ነገሩ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል።

ትምህርቱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በደምቢያ ሜዳ የወባ ንዳድ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። መንግሥት በዓለም የጤና ድርጅት፥ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ያቆመው ይህ ትምህርት ቤት ሦስት ዓይነት ሠራተኞችን ያወጣ ነበር፤ እነዚህም የጤና መኰንን፥ የኅብረተ ሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ናቸው። መኰንኑ ያክማል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፤ ሳኒቴሪያኑ ደግሞ ውኃውን፥ ቆሻሻውን፥ ሥጋ ቤቱንና የወህኒ ቤቱን ንጽሕና ይመረምራል። ሦስቱ ባንድ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ታስቦ ሥልጠናቸውም ባንድነት ነበረ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚወጡበት የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ከዚያ የተወረሰ ነው። ኮሌጁ ከተከፈተ አራት ዓመት ሳይሞላው፥ ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ወባ በደጋውና በወይና ደጋው ሲዛመት፥ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ሦስተኛው ሠራተኛ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ ደምቢያን በስተቀኝ ትቶ፥ አዲስ ዘመንን አልፎ፥ ወረታ ይደርሳል። በዚያ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ደምቢያን የሚመስል ነው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው በክረምት ይሞሉታል። በከብቱ ስሙ የታወቀው ይህ አገር ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ቀድሞ ውኃ ተኝቶበት ይቀር የነበረውን ዋልካ እንጀራ አድርጎታል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ቆሟል። ይህ በረከት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ውኃ የቆመበት ማሳ ለሩዝ እንደሚመች ሁሉ ለወባ ትንኝ እጭም ይመቻል። ክረምቱ ሲወጣ ገበሬው በሞተር ውኃ እየሳበ ሽንኩርት ያለማል፤ ተባይ ማጥፊያውን ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ የሚረጭ ሰው፥ ባዶውንም ዕቃ አጥቦ ለመጠጥ ውኃ የሚያደርግ ቤተ ሰብ እንዳይኖር የሚጠብቅ ማን ነው? በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጎርፉ ከልኩ አልፎ የፎገራን ሕዝብ ከቤቱ ባፈናቀለ ጊዜ እንደ ታየው፥ ውኃው ሲወጣ የመጸዳጃውን ጕድጓድና የመጠጡን ጕድጓድ ለይቶ አያውቅም።

የካላ አዛር ነገር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ከ1997 ዓ.ም. ቀደም ብሎ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በንዳድ እየከሳ፥ ሆዱም በጣፊያ እየተነፋ ይሞት ጀመር። መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ፤ የወባው መድኃኒት ቢሰጥም አልረዳም። በ1997 ዓ.ም. በሚገባ ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ አገር ከዚህ በፊት ያልተለመደ በሽታ ነበረ። ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ መርማሪዎች ገመቱ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ ስንጥቅና በግራር ዛፍ አጠገብ የምትገኝ ናት። እንግዲህ ሐኪሙ ብዙ ቀን በሚፈጅ መርፌ ሕመምተኛውን ያድናል፤ ዝንቧ ወዴት እንደምትውል፥ እረኛውም ሌሊት ከቤት ውጭ የት እንደሚተኛ የሚጠይቀው ግን የአካባቢ ጤና ሠራተኛ ነው። ያ ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ስንት ቤት ሳይዘጋ በቀረ ነበር።

ተማሪው ለዚህ ጥያቄ የሚዘጋጀው በብዙ ድካም ነው። ለዓይን ጠርቶ የሚታየውን ውኃ በብልቃጥ ቀድቶ፥ በበረዶ ሣጥን ይዞ፥ በቤተ ሙከራ ሙቀት አንድ ቀን ካሳደረው በኋላ የዓይነ ምድር ተሕዋስያን በቅለውበት ሲያገኝ፥ ዓይን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ይማራል። ወደ ገጠር ሲወጣም በመጀመሪያ የሚጠየቀው መድኃኒት ይዞ እንደ መጣ ነው፤ ስለ አካፋና ስለ ክዳን መናገር ሲጀምር ሰሚዎቹ ቅር ይላቸዋል። ይህን ታግሦ የሚመረቀው ወጣት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው አንድም ሥራ አጥቶ መቆየት ነው፤ አንድም በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የመጸዳጃ ቤት ቍጥር መደመር ነው። የሚሻል የመሰለው ወደ ርዳታ ድርጅት፥ ወደ ፋብሪካ ደኅንነት ሥራ ወይም ወደ ማስተማር ይሄዳል። ሄደ ተብሎ አይነቀፍም፤ እነዚያም ስፍራዎች ይፈልጉታል። የሚያሳዝነው ረግረጉ ያለበት ወረዳ ከሁሉ አነስተኛውን ደመወዝና ከሁሉ አነስተኛውን ክብር የሚሰጥ መሆኑ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስላሉ ሌላ ሰው አያስፈልግም የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሥራው ሲጀመር ከነበሩት 16 የሥራቸው ክፍሎች 7ቱ ስለ ንጽሕናና ስለ አካባቢ ጤና ነበሩ፤ ብዙ መንደርም ለውጠዋል። ሆኖም በፎገራ ጥቂት ክንድ ሲቈፈር ውኃ ይወጣል፤ በደጋ የሚሠራው ጕድጓድ በዚያ አይሠራም። የመጸዳጃውን ወለል ከምድር ከፍ ማድረግ፥ ግድግዳውን መገንባት፥ ከመጠጥ ውኃው ማራቅ የተለየ ዕውቀት ይጠይቃል። በዓመት ሥልጠና የተላከችውን ሠራተኛ ይህን ሁሉ ብቻዋን ትወጣው ማለት ፍርድ አይደለም።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻቸው ትልቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር፥ በቋራ ወረዳ፥ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ገብቶ ወደ ሌሎች ወረዳዎችም ተዛመተ። ነቀፋው ለጠበሉ አይደለም፤ ያን ያህል ሕዝብ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃና የሚጸዳዳበት ስፍራ አስቀድሞ ሳይሰናዳ ስለ ሰፈረ ነው። በዘዳግም መጽሐፍ በ23ኛው ምዕራፍ ሠራዊቱ ከሰፈር ውጭ ወጥቶ፥ በመቈፈሪያ ቈፍሮ፥ እዳሪውን እንዲሸፍን መታዘዙን የሚያውቅ ሊቅ፥ ተማሪው የሚናገረው አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይረዳዋል። የንስሐ አባት በተዝካርና በማኅበር ቀን የሚናገረው አንድ ቃል ከጽሕፈት ቤት ከሚመጣ ብዙ ወረቀት ይልቅ ይሰማል።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻና በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ወባ እንደ ገና በርትቶ፥ ባሥር ወር ውስጥ በመላው ኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደ ታመመ ተመዝግቧል። እንግዲህ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው በእጃቸው ያለው ነገር ነው። ጎርፍና ወባ ለሚበዛበት ወረዳ የሚላክ የአካባቢ ጤና ምሩቅ ዕድገቱ እንዳይዘገይ፥ የተበከለ ጕድጓድ ሲያገኝ የሚያዘጋበት ሥልጣን እንዲኖረው፥ መመርመሪያውም ዕቃ ሳይጓደል እንዲደርሰው ማድረግ የትእዛዝ ጕዳይ ነው። ተማሪዎችም ወደ ሜዳው የሚወጡት መንገዱ በደረቀበት በበጋ ከሆነ፥ የሚያዩት ደረቅ ቦይና ዝም ያለ ጕድጓድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የመውጫውን ጊዜ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ቢያደርጉት፥ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በወረታ ማደሪያና በውኃ የተከበበውን ቀበሌ የሚያደርስ ታንኳ ቢያሰናዳ፥ የደብሩ አለቃም በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ቢያስተዋውቃቸው፥ ርብና ጉማራ በሚሞሉበት ሰዓት ተማሪው ከጕድጓዱ አፍ ቆሞ ይገኛል።